የአቶ አንጁሎ ሰፊ ጎማ

ሰው ያማረች መኪና ገዝቶ ለምን አርፎ አይነዳትም? በጃንሆይ ዘመን፣ ሶዶ ሳስተምር የማውቃቸው የቡና ነጋዴ አቶ አንጁሎ ጥቁር የቤት መኪና ገዙ። ሳምንት ሳይሞላቸው ግን ጎማዋ ቀጭን ሆኖ ታያቸው።

«ሰፊ ቸርኬ ግጠምልኝ፤ ጎማው ወደ ውጭ ወጣ ይበል» አሉት መካኒኩን።

«ጋሼ፣ ሲታጠፉ የጭቃ መከላከያውን፣ ፓራፋንጎውን ይነካል።»

«እንግዲያው ፓራፋንጎውን ቁረጠው።»

መካኒኩ ሁለት ቀን ለመናቸው፤ እሳቸው ወይ ፍንክች። ተቆረጠ።

በሳምንቱ ለልጃቸው ሚስት ልንጠይቅ ወደ ገሱባ አብሬያቸው ሄድኩ። ዝናብ ጥሎ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። እሳቸው መስኮቱን ከፍተው፣ ክንዳቸውን አውጥተው ይነዳሉ። ከለላ ያጣው ጎማ ጭቃውን እያነሳ ፊታቸውና ልብሳቸው ላይ ይለጥፋል።

«መስኮቱን ይዝጉት እንጂ» አልኳቸው።

«ዘግቼ ማን ያየኛል?»

መኪናዋ እስከ ግቢው ስለማትደርስ ከታች አቁመናት ገባን። የልጅቷ አባት የአቶ አንጁሎን ሙሉ ልብስ ከላይ እስከ ታች አዩት።

«መኪና አላቸው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ በእግር ነው እንዴ የመጡት?»

አቶ አንጁሎ ቀና ብለው፣ «በመኪና ነው» አሉ።

ሰውየው አልተከራከሩም። የእግር ውሃ አስመጡላቸው።