የባሕሩ የሥራ ሰዓት

ባሕርን ሥርዓት ለማስያዝ በስብሰባ የተነሡ የመጀመሪያው የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ክቡር ቶርኪል ናቸውና፣ ታሪካቸው በሚገባው ክብር ሊነገር ይገባል።

በዴንማርክ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ እሳቸው ባሉባት ትንሽ ከተማ፣ ባሕሩ በየቀኑ ወደ ኋላ ይሸሽና ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ እርጥብ አሸዋ ጥሎ ይሄዳል። ወፎች በአሸዋው ላይ ትል ሲለቅሙ ይቆዩና ባሕሩ ተመልሶ ያባርራቸዋል። እንግዳ ከሩቅ የሚመጣውም ይህንን ለማየት ነው። ታዲያ አንድ ጎብኚ፣ “ባሕር አለ ተብለን ብንመጣ ባሕሩ የለም” ሲል አቤት አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ክቡር ቶርኪል ግን አርቆ አሳቢ ስለሆኑ ኮሚቴውን ጠሩ።

“የተፈጥሮ ቅርሳችን ያለ ፈቃድ ከቦታው መቅረቱ ከፍተኛ የአሠራር ክፍተት ነው” አሉ።

“ጨረቃ እኮ ናት የምትስበው” አለች ጸሐፊዋ ሊኔ።

“ጨረቃስ ተጠሪነቷ ለማን ነው?”

“ለማንም።”

“ይኸው! ችግሩ ተገኘ።”

ባሕሩ በሥራ ሰዓት በቦታው እንዲገኝ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። የተቃወመ አልነበረም፤ በጭስ የበሰለ ዓሣና ጥቁር ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ቀርቦ ነበርና። ውሳኔው የተጻፈበት ትልቅ ሰሌዳም እዚያው አሸዋው መሀል እንዲተከል ታዘዘ።

ለምረቃው ከዋና ከተማው የቅርስ መሥሪያ ቤት ወይዘሮ ቦዲል መጡ። ወይዘሮዋ ለአካባቢው በሙሉ አንድ የበላይ ኃላፊ እየፈለጉ መሆናቸውን ቶርኪል ሰምተዋል። ሹመቱን ከመመኘታቸው የተነሣ ባለቤታቸውን ሲግኔን “የዳይሬክተሩ ሚስት” ብለው መጥራት ጀምረው ነበር።

“እስቲ መጀመሪያ ንግግርህን አሳጥር” አለቻቸው ሲግኔ አሸዋው ላይ ሲወርዱ። “ባሕሩ ሊመለስ ነው።”

“በሰሌዳው መሠረት የሥራ ሰዓቱ ገና ነው።”

“ሰሌዳውን ለባሕሩ አንብበህለታል?”

ክቡርነታቸው ሰሌዳው አጠገብ ቆመው የንግግራቸውን ወረቀት ዘረጉ። መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ስለ ተጠያቂነት ሲያብራሩ ውሃው የእንግዶቹን ጫማ ነካ። እንግዶቹ በጨዋነት እያጨበጨቡ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ያዙ። ወይዘሮ ቦዲል ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ዳር ሲደርሱ፣ ቶርኪል ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ፣ “ባሕራችን ከዛሬ ጀምሮ ለመመሪያ ተገዥ ሆኗል!” በማለት ላይ ነበሩ። ያጨበጨበ የለም። ቀና ሲሉ በዙሪያቸው ያለው ውሃ ብቻ ነው። ከጉልበታቸውም አልፏል።

ሲግኔ የጎረቤት ትራክተር እየነዳች ደረሰች።

“አንተ ሰውዬ፣ ውጣ!”

“ሁለት ገጽ ይቀረኛል!”

“ለዓሣ ልታነበው ነው? ና ውጣ ብያለሁ!”

ኮሌታቸውን ይዛ ጎትታ ጫነቻቸው። ሰሌዳው ተነቅሎ ወደ ጀርመን አቅጣጫ መንሳፈፍ ጀመረ።

አዳራሹ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ሲንቀጠቀጡ ወይዘሮ ቦዲል መጥተው ደኅንነታቸውን ጠየቁ።

“እኔስ ደኅና ነኝ” አሉ ቶርኪል። “ባሕሩ ግን ሰዓት አላከበረም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል።”

ወይዘሮ ቦዲል ጥንታዊ ሐውልት እንደሚመረምር ሰው ትክ ብለው አዩአቸው።

“አቶ ቶርኪል፣ በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ። ዙሪያው ሁሉ ሲለዋወጥ ቅንጣት የማይለወጥ እንዲህ ያለ ነገር ግን አላጋጠመኝም። እንደ እርስዎ ያለ ዛሬ የቀረው ጥቂት ነው። በሕግ ሊጠበቁ ይገባል።”

የቶርኪል ልብ በደስታ ዘለለ። ብርድ ልብሱን እንደ ካባ አስተካከሉና፣ “እንግዲያው ሹመቱ…?” አሉ።

“አዝናለሁ” አሉ ወይዘሮዋ። “ቅርስ ካለበት አይነሣም።”