የእትዬ ዘይነባን የስፌት መኪና ማን ቀበረው?

ሐኪም ሲታመም ሰው ያዝንለታል። ሾፌር መኪናው ስትቆምበት መንገደኛው ወርዶ ይገፋለታል። የሥነ ልቦና መምህር ሲረሳ ግን ምን ይደረጋል? ይሳቅበታል! ይባስ ብሎም ሌባ ይባላል። እኔ ወልድያ ኮሌጅ ውስጥ ሰው እንዴት እንደሚያስታውስና ለምን እንደሚረሳ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ቤቴ መርሳ ነው። በከተማዬ ስም ሊቀልድብኝ ያሰበ ካለ ይቅርበት፤ ሁሉንም ሰምቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ ወደ እኛ ሲገፋ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ የስፌት መኪናቸውን ከእግሯ ነቅለው፣ በነጠላ አዝለው ቤቴ መጡ። ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያች መኪና ነው። «አንተ የማስታወስ መምህር አይደለህ? ደብቅልኝ። ቦታውን ግን ለኔ አትንገረኝ፤ ቢይዙኝ እለፈልፋለሁ» አሉኝ። እኔም በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ጆንያ ውስጥ ከትቼ፣ ጓሮ ካለው ፓፓያ ሥር ቆፍሬ ቀበርኳት። ዶማው እጄን ውሃ አስቋጠረው። ይህን ሁሉ ዛሬም እንደ ፊልም አየዋለሁ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ከባለቤቴ ከየሺ ጋር ደሴ ድረስ ሸሸን። እሷ አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ቀጠለች፤ መንገዱ ሲከፈት እኔ ቀድሜ ተመለስኩ። ቤቴ በር የለውም። መጻሕፍቴ ማገዶ ሆነዋል። ፓፓያው ከነሥሩ የለም። ስልክ ስለማይሠራ ከየሺ ጋር መነጋገር አልተቻለም። የእትዬ ዘይነባ ሱቅም ባዶውን ቀርቷል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለሆነ ዩኒፎርም የሚያሰፋ ወላጅ በራቸው ላይ ይመላለሳል፤ የሚሰፉበት ግን የላቸውም። ዶማ ተውሼ ወደ ጓሮ ገባሁ። ፓፓያው የነበረበትን ቆፈርኩ። ምንም የለም!

ከዚህ በኋላ የሥነ ልቦና ታሪክ በሙሉ ጓሮዬ ውስጥ ተደገመ ብል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያዎቹ የሥነ ልቦና ሊቃውንት አንድ ሰው አስቀምጠው ወደ ውስጥህ ተመልከትና ያየኸውን ንገረን ነበር የሚሉት። ሽማግሌው ጎረቤታችን ሼህ ይመርም እነዚያን ሊቃውንት ሳያነቡ «አብሽር መምህር፤ ተቀመጥና ዓይንህን ጨፍን፣ ልብህ ያሳይሃል» አሉኝ። ጨፈንኩ። ልቤ ፓፓያ አሳየኝ። ደግመን ቆፈርን፤ የለም። እነዚያም ሊቃውንት የተሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው። አንዱ በውስጡ ያየውን ሌላው ገብቶ ሊያረጋግጥለት አይችልም።

ቀጥለው የመጡት ሊቃውንት ቁጡዎች ነበሩ። የሰው ጭንቅላት ቁልፉ የጠፋ ቤት ነው፤ ውስጡን ትተን በበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን ብቻ እንይ አሉ። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? ሰው ሲያስብ እየዋለ ሐሳብን ከትምህርት ቤት ማባረር! የዚህን ወገን ሥራ የያዙት ራሳቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ሊሰሙ አልፈለጉም፤ የሚያዩት እጄን ብቻ ነው። «ሰጥቼሃለሁ፣ አልመለስክልኝም። ወላሂ ሌላ ወሬ አልሰማም፣ ሌባ!» አሉኝ በአጥር በኩል፣ መንደሩ እየሰማ። ደሴ ወስዶ ሸጣት የሚለው ወሬም ከዚያው አጥር ተነስቶ ገበያ ደረሰ። እኔ! ነፍሴን እንኳ በቅጡ ይዤ ያልሸሸሁት ሰውዬ፣ የብረት መኪና ተሸክሜ ልሸጥ?

የሦስተኛውን ወገን ሥራ የያዘው የሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ካሳው ነው። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ሊቃውንቱ አንድ ጥያቄ አነሱ። ማሽን ነገር ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ መልሶ ማውጣት ከቻለ የሰው ጭንቅላትስ ውስጡ ምን ይሠራል? ብለው ያንን የተዘጋ ቤት እንደገና አንኳኩ። ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ የሚባለው ትምህርት ጉልበት ያገኘው ያኔ ነው፤ ልብ ማለትን፣ ማስታወስን፣ ቋንቋን፣ ማሰብን ማጥናት እንደገና ወግ ሆነ። ካሳው ግን ነገሩን ቃል በቃል ወሰደው። «ፋይሉ አለ መምህር፤ የጠፋህ ፎልደሩ ነው» ብሎ ጓሮውን በገመድ ከፋፍሎ ያስቆፍረኝ ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ጓሮዬ ምሽግ መሰለ። በዚያ ሰሞን ደግሞ ምሽግ የመሰለ ጓሮ ያለው ሰው ለሚመለከተው ሁሉ የሚያስረዳው ብዙ ነገር ነበረበት።

የሺ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጉድጓዶቹን አየች። እያለቃቀስኩ ነገርኳት። ፓፓያው ሥር ማን ቀበረ? አለችኝ። «አንተ እዚያ ይሁን አልክ፤ እኔ ለሁሉም ይታያል ብዬ ዶሮ ቤቱ ውስጥ ቀበርኳት። አንተማ የትኛውን መጽሐፍ ልያዝ እያልክ በሩ ላይ ቆመህ ነበር።» እንዴት ሆኖ? የቆፈርኩት እኔ ነኝ! እጄ ውሃ ቋጥሮ! ውሃ የቋጠረው የእሷ እጅ መሆኑን፣ እኔ መርፌ አግዬ እንዳፈነዳሁላት ነገረችኝ። ከዚያ ዶሮዎቹ ተበልተው ወዳለቁበት ቤት ጎንበስ ብላ ገባች፤ ትንሽ እንደቆፈረች ጆንያው ብቅ አለ።

ትዝታ ጎተራ ውስጥ እንደተቀመጠ እህል አይደለም፤ በፈለግነው ቁጥር እንደ አዲስ የምንሠራው ነገር ነው እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ስለ ሌሎች ሰዎች የማወራ ነበር የመሰለኝ።

እትዬ ዘይነባ መኪናዋን ዘይት አጠጥተው መዘውሯን ሲያዞሩት ያ የምናውቀው ድምፅ ተሰማ። «አልሃምዱሊላህ» ብለው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ይቅርታቸውን በትሕትና ለመቀበል ቆምኩ። የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ሴትዮዋ ለተሰበሰበው ሰው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔ አንድም ቀን አልጠረጠርኩት። ሰው ሌባ ሲለው፣ ተዉ እሱ አማና፣ የሰው አደራ አይበላም ብዬ የተሟገትኩለት እኔ ነኝ።» ሼህ ይመር እውነት ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ካሳውም ሲሟገቱ ሰምቻለሁ ብሎ መሰከረ።

ደሜ ፈላ! የሺን ወደ ጎን ስቤ፣ እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አልኳት። ተዋቸው አይዋሹም አለችኝ። «አንተ ስትቆፍር ራስህን እንዳየኸው፣ እሳቸውም ሲሟገቱልህ ራሳቸውን ያያሉ።»

እሺ፣ የቀበረቻት የሺ ትሁን። ዶማው ግን የእኔ ነበር።