ጸሎት የተባለው ቃር

ሰው ወጣት ሳለ ሆዱን እንደ ጎተራ ነው የሚያየው፤ ያገኘውን ይከትበታል፣ ይዘጋዋል፣ ይተኛል። ስድሳን ሲሻገር ግን ጎተራው አፍ ያወጣል። ማታ ስለበላኸው የሚያቃጥል ዳጣ ካልተነጋገርን ይላል፣ ያውም አገር ምድሩ ጭልጥ ብሎ በተኛበት ሰዓት። ወጣት አንባቢዎቼ ይህን ስታነብቡ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ ቀኑ ይደርሳል።

እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜዬን በማታ ፈረቃ ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ያኔ ቤት የምገባው ከምሽቱ አራት ሰዓት ስለነበር ትሁን የምትባለው ባለቤቴ እህል ሳትቀምስ ትጠብቀኝ ነበር። ፈረቃው ቀረ፤ እራቱ ግን ከሰዓቱ ንቅንቅ አላለም። በፍስኩ ጥብስ ዓሣ በዳጣ፣ በጾሙ በርበሬው የበዛ ሽሮ፣ በአራት ሰዓት በልተን በአራት ተኩል ጋደም ነው።

አንድ ሌሊት ደረቴን እሳት ለብልቦ ቀሰቀሰኝ። ኮምጣጣ ነገር እስከ ጉሮሮዬ ወጣ። ቀና ብዬ ስቀመጥ ቀለል አለኝ፤ ስጋደም ተመልሶ መጣ። በማግሥቱም፣ በሠልስቱም እንዲሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደረቱን እንደያዘ ነበርና የሞተው፣ የእኔም ልብ ነው ብዬ ደመደምሁ። ለትሁን ግን አልነገርኋትም። የደም ግፊት አለባት፤ ማስደንገጥ አልፈለግሁም። እናም በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ሞትን እጠብቃለሁ። ሞቱ ራሱ ያን ያህል አላስጨነቀኝም። የጓሮው በር ወደ ላይ ገፋ ካላደረጉት እንደማይዘጋ ማን ይነግራታል እያልሁ ነበር የምጨነቀው።

ትሁን የመሪጌታ ልጅ ናት። አባቷ ከጣና ገዳማት በአንዱ ዜማ ሲያስተምሩ ስለኖሩ፣ ሌሊት ተነሥቶ የሚጸልይ ሰው ለእሷ ብርቅ አይደለም። ብርቁ እኔ ነኝ፤ ለቅዳሴ እንኳ በስንት ጉትጎታ የምሄድ ሰውዬ። አንድ ሌሊት ዓይኗን ስትገልጥ ጨለማው ውስጥ አቀርቅሬ፣ ቃሩ ሲተናነቀኝ “እግዚኦ” ስል ሰማችኝ። ጸሎት መሰላት። ለእኔ ሳይሆን ለማኅበርተኞቿ ነገረቻቸው።

ይህን ያወቅሁት ጎረቤታችን ወይዘሮ ፈንታዬ መንገድ ላይ አስቁመው፣ መውለድ ያቃታትን ልጃቸውን በሌሊቱ ጸሎቴ እንዳስብላቸው በለመኑኝ ቀን ነው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር? እኔ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ወዲያ ዕድር ላይ ወንበር ይለቀቅልኝ ጀመር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

ሦስት ወር እንዲህ ቆየሁ። በመጨረሻ ፀጉሬን ልስተካከል ብዬ ወጣሁና ፔዳ አካባቢ ካለ ክሊኒክ ገባሁ። ሐኪሟ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ናት። ልቤን በመሣሪያ አይታ፣ ስለ እራታችን ሰዓት ጠይቃኝ፣ “አባባ፣ ልብዎ ደህና ነው። የሚያስነሣዎት ቃር ነው” አለችኝ። እራት ከመተኛቴ ሦስት ሰዓት ቀደም ብዬ፣ ያውም ጥቂት እንድበላ፣ ዳጣውን እንድተው፣ የአልጋውን ራስጌ ከፍ እንዳደርግና በግራ ጎኔ እንድተኛ መከረችኝ፤ ኪኒንም ሰጠችኝ። ከደስታዬ ብዛት ባጃጅ መሳፈሩን ረስቼ በሐይቁ ዳር በእግሬ ሄድሁ። ፋሲሎ ሰፈር ስደርስ ነው አንድ ነገር የገባኝ፦ ትሁን የምትተኛበትን አልጋ፣ ትሁን ሳታውቅ ከፍ ማድረግ አይቻልም።

ነገርኋት። ትስቃለች ወይ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ጠየቀችኝ፦

“ልብ ነው ብለህ ስንት ጊዜ ብቻህን ተቀመጥህ?”

“ሦስት ወር።”

“እኔ እዚያው አጠገብህ ተኝቼ።” በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። “ለእኔ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር።”



በማግሥቱ ቤት ከሚያሠራ ጎረቤት ሁለት ወፍራም የጣውላ ቁራጭ ራሷ ለምና አመጣችና ከራስጌው እግሮች ሥር አደረግናቸው። የመጀመሪያውን ሌሊት ሁለታችንም ወደ ግርጌ ስንንሸራተት አደርን። ቀስ በቀስ ለመድነው። እራትም ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆነ። ዘመኔን ሁሉ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የምተኛው ሰውዬ፣ በግራ ጎኔ ስሆን ፊቴ ወደ ትሁን ዞረ። እንቅልፏ ውስጥ ፈገግ እንደምትል እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

በወሩ ቃሩ ለቀቀኝ። በል እንግዲህ ለሴቶቹ እውነቱን ንገሪያቸው አልኋት።

“ለፈንታዬ ምን ልበላት? ልጅሽን ለባሌ ቃር አደራ ሰጥተሻት ነበር ልበላት?”

“እና ምን ይሻላል?”

“አንተ ጸሎቱን ጀምረዋ።”

ስለዚህ፣ በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ደረቴ ደህና ሆኖ ሳለ የትሁን ክርን ጎኔን ይጎስመኛል። እነሣለሁ። ዳዊት አልደገምሁ፣ ዜማ አላውቅ። መጀመሪያ የወይዘሮ ፈንታዬን ልጅ አስባለሁ፤ ራሴን ነቅንቄላቸዋለሁና። ቀጥዬ የትሁንን ስም በቀስታ አነሣለሁ፤ መልሳ ተኝታለች ብዬ ነው።

“አሜን” ትላለች፣ ከብርድ ልብሱ ውስጥ።