የቀኝ ጉልበትና የግራ እጅ

እኛ ጎንደሬዎች ጉልበታችንን ሲያመን «ምን ነካኝ?» አንልም፤ «ማን ነካኝ?» እንላለን። ብርድ አለ፣ ዳገት አለ፣ እርጅና አለ፤ እነሱን ግን ማን ይጠረጥራል፣ ሰው እያለ! «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲባል ሰምታችሁ የለ? በተለይ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው «ደህና አደርህ?» ብትሉት ሰሙን ለእናንተ ትቶ ወርቁን ሲፈልግ ይውላል።

አጎቴ መሪጌታ ስመኝ እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ማኅሌት ቆመው ኖረው፣ ዘንድሮ ቀኝ ጉልበታቸው ያብጥ፣ ደረጃ ሲወርዱም ቋ ቋ ይል ጀመር። የደብሩ ንግሥ ደግሞ ደርሷል። ቆመው መምራት ካልቻሉ ቦታቸውን የሚወስዱት የዕድሜ ልክ ተፎካካሪያቸው መሪጌታ ፈንቴ ናቸው። እሳቸውም ቀኝ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ግራኝ ስለሆኑ ግን መቋሚያቸውን የሚይዙት በግራቸው ነው።

«ባለፈው ፈንቴ ‹ጉልበትህን ያጽናልህ› ብሎኝ ነበር» አሉኝ አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በማግሥቱ ያዘኝ። ምነው ጉልበቴን ለይቶ መረቀኝ?»

የምሠራው ማራኪ ግቢ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ነውና ከማውቃት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ በስንት ልመና ወሰድኋቸው። ሸጋ ልጅ ናት። ጉልበታቸውን አጠፍ ዘርጋ አድርጋ አየችና፣ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚያደርገው ልስልሱ ነገር ሳስቷል አለቻቸው። «ወንበር ላይ ተቀምጠው እግርዎን እየዘረጉ የጭንዎን ጡንቻ ያጠንክሩ፤ ሲያብጥብዎ ያሳርፉት። መቋሚያዎን ደግሞ ከሚያምዎት ጉልበት በተቃራኒው፣ በግራ እጅዎ ይያዙ።»

ከበሩ እንደወጣን አጎቴ ክንዴን ጨመቁኝ። «የሚያመኝ ቀኝ፣ የምታዝዝልኝ ለግራ! እንደ ፈንቴ ልታደርገኝ ነው። የማን ልጅ ናት?»

«የሳንጃ ልጅ ናት አያ። መሪጌታ ፈንቴን በዓይኗም አታውቃቸው።»

«ፈንቴ ሳንጃ ዘመድ የለውም ያለህ ማን ነው?»

ሕመም ግን ኩራትን ያስጥላል። በራቸውን ዘግተው፣ ጎረቤት ሳያያቸው፣ እንዳለቻቸው አደረጉ። ቀስ በቀስ ቀለላቸው። በንግሡ መቋሚያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ማኅሌቱን ቆመው መሩ። እንባዬ መጣ፤ ይህን እንኳ አትጠርጥሩኝ።

ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ፈንቴ ጠጋ አሉ። «ስመኝ፣ ምን አግኝተህ ነው?»

አጎቴ አንድ ቃል ሳይደብቁ ነገሯቸው፤ እግር መዘርጋቱንም፣ ግራ እጁንም።

«ግራ? እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ መሪጌታ ፈንቴ ፈገግ ብለው። ያቺን ፈገግታ አልወደድኋትም። በሚቀጥለው እሑድ ግራኙ ሰውዬ መቋሚያቸውን ወደ ቀኝ አዛውረው፣ ከበፊቱ ብሶባቸው እያነከሱ መጡ።

«አያ፣ እሳቸው እንዲህ እንደሚያደርጉ ያውቁ ነበር?» አልሁ ደንግጬ።

«እኔ የነገርሁት እውነቱን ነው» አሉ አጎቴ፤ ዓይናቸው ግን ይስቃል። «ውሸት ብነግረው እኮ ይድን ነበር።»

ሄጄ «ኧረ ወደ ግራዎ ይመልሱት» ልላቸው ተነሣሁ። ተነሣሁና መልሼ ተቀመጥሁ። የስመኝ የእህት ልጅ ነኝ፤ ማን ያምነኛል?