ሺዎቹን አምጣ

ባለፈው ክረምት ተምች በቆሏችንን በዘጠኝ ቀን ጨረሰው። አገዳ እንኳ አልተረፈም። በሬዎቹን ሸጥን። ለዘር ያስቀመጥነውን በታኅሣሥ በላነው። ኋላ ቀበሌው የበቆሎ ዘር ሊያድል ነው ተባለና ስማችንን አስመዘገብን። ስም የሚጠራው ዛሬ ነበር።

ትናንት ሌሊት ታዲያ በሕልሜ የገበሬዎች ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ቆሜያለሁ። የማዳበሪያ ጆንያዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኛ ገበሬዎቹ እስከ አንገታችን ጆንያ ውስጥ ገብተን ተደርድረናል። ለማሳ የምንታደለው እኛው ነን። ስሙ ተመርምሮ ያልተጣራ ገበሬ አይወጣም።

ጸሐፊው ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ነበር። መነጽር አድርጓል።

«ስም?» አለኝ።

«ሺፈራው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እኔን ዳፕ ይሉኛል እንጂ ሙሉ ስሜ ዳይ አሞኒየም ፎስፌት ነው። ዳይ ማለት ሁለት። በል አሞኒየሜን ቁጠር።»

የጆንያውን አፍ ፈታልኝ። ቆጠርኩ። ሁለት ነው።

«የእኛ ስም ሆዳችን ውስጥ ያለውን ይናገራል» አለ። «አንተን ሺ ሰው ፈራህ? ሺዎቹን አምጣ።»

«ስሙን ያወጣችው እናቴ ናት።»

«እሷም ትቅረብ።»

ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን ሴትዮ የከሰል ምድጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እኔ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ሞኖ አንድ ነው። እህቴ ዳይኦክሳይድ በአንዲት ኦክስጅን ብቻ ትበልጠኛለች። እሷ ከአፍህ ስትወጣ ትውላለች። እኔ በር ዘግተው ከተኙት ጋር አድራለሁ፤ እነሱ አይነሱም። በስም ቁጥር አትቀልድ፣ አያ ሺፈራው።»

ምስክር ጠራሁ። ባለቤቴ ዘርፌ ከጎኔ ካለው ጆንያ ብቅ አለች።

«ዘርፌ፣ ፈርተሽኝ አታውቂም?»

«እኔ? አዝኜልህ አውቃለሁ።»

ጆንያዎቹ ሳቁ። አቧራቸው ዓይኔን አቃጠለው።

«አህያዬስ?» አልኩ።

«ጠይቀናታል። እሱ ነው የሚፈራኝ ብላለች።»

ዳፕ መዝገቡን ሳበ። «ሺን ሰርዘናል። መጨረሻ ላይ ያለችውንም ‹ው› ሰርዘናል። የቀረው ‹ፈራ› ነው። ውስጥህ ያለውም እሱ ብቻ ነው።»

«ፈራ!» ብለው ተጣሩ። አቤት ልል ድምፄ እምቢ አለ። ጆንያውን ከአናቴ በላይ መስፋት ጀመሩ። መርፌው ጆሮዬ አጠገብ ሲያልፍ አንድ ሰው ትከሻዬን ነቀነቀኝ።

«ተነስ» አለች ዘርፌ። «ስም እየተጠራ ነው።»

ቀበሌ ስደርስ ሰዉ ዘሩን ተሸክሞ ይወጣል። የግብርና ሠራተኛው ዳምጠው ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየው።

«አባባ፣ ከገበሬዎቹ ውስጥ የሉም።»

«አስመዝግቤያለሁ።»

«ቆይ እስቲ።» ሌላ መዝገብ ገለጠ። «ይኸው ተገኙ። ጸሐፊው በ‹ሺ› ፈንታ በ‹ሽ› ጽፎዎት ቅጠሉን የምንበላው የሽፈራው ዛፍ ሆነዋል። ከችግኞቹ ጋር ነው ያሉት።»

«እሺ፣ ምን ይላል?»

ጣቱን በመስመሩ ላይ አስኬደ። «‹ሽፈራው፤ አንድ። ተተክሏል፤ ደርቋል። በምትኩ ሌላ ይተከል› ይላል።»