ጓድ ሞላልኝ ሰባት መቶ ሃምሳ

እግዚአብሔር አንድም ቤተሰብ ያለ አሳፋሪ አጎት አልተወም። የአንዱ አጎት ሠርግ ቤት ማንም ሳይጋብዘው ይዘፍናል፤ የሌላው ለቅሶ ቤት ገብቶ ማርክሲዝም ያስረዳል። የእኔ ደግሞ ሞተር ሳይክል አለው። ሌሊት በኩራዝ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ አጎት አላገኘሁም።

ሞተሯ ጃፓን ሠራሽ ሆንዳ ናት፤ ሰባት መቶ ሃምሳ ሲሲ፣ አራት ጭስ ማውጫ፣ ቀይ የቤንዚን ሰልባቲዮ። አጎቴ ሞላልኝ አስመራ ጋራዥ ሲሠራ፣ ጣልያን አሠሪው አብዮቱን ሸሽቶ ሲሄድ ትቶለት ነው። አገራችን እስቴ የገባችው ግን በራሷ ጎማ አይደለም፤ በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ በጨው ጆንያ መካከል እንደ በሽተኛ ተኝታ ነው። ከዚያ ወዲህ የከተማችን የመካነ ኢየሱስ ሰው «ጓድ ሞላልኝ ሰባት መቶ ሃምሳ» ይለዋል። እሱ ማዕረግ ይመስለዋል።

በገበያ ቀን አደባባይ አውጥቶ ያስነሳታል። አህዮች ጭነታቸውን ጥለው ይበተናሉ፤ ባለቤቶቻቸው ይራገማሉ። ቤንዚን በኩፖን ነውና ወዲያው አጥፍቶ በጋቢው ጫፍ ይወለውላታል። ሰው በበቅሎ ወደ ወገዳ ልሂድ ሲል «ሞተር ቆሞ!» ይላል። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሲያይ «ሞተር ቆሞ!» ይላል። እኔ ያን ጊዜ መጽሐፌን ፊቴ ላይ አስጠግቼ የሌላ ሰው ዘመድ እመስላለሁ።

የባሰው ግን የቃሬዛው ነገር ነው። በእኛ አገር በሽተኛ በቃሬዛ ሲወጣ ወንድ ሁሉ ትከሻውን በተራ ይሰጣል፤ መንገደኛ እንኳ ቢያገኘው የያዘውን ጥሎ ይገባበታል። አጎቴ «የቸገረ ቀን እኔ በሞተር አደርሳለሁ» ብሎ ሽማግሌዎቹን አሳምኖ ከተራው ወጣ።

የቸገረው ቀን ነሐሴ ላይ መጣ። የጎረቤታችን የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ምራት አይናለም ምጥ ጠናባት። ጤና ጣቢያው «ከእኛ በላይ ነው፤ ደብረ ታቦር አድርሷት» አለ። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል፤ ከጎርፉ ማዶ ግን አንድ የጭነት መኪና ጭነቱን እያራገፈ ነው፤ እንደጨረሰ ወደ ደብረ ታቦር ይመለሳል።

መሪጌታ አጎቴ ደጅ ቆሙ። «ሞላልኝ፣ ያልካት ቀን ዛሬ ናት።»

አጎቴ የሞተሯን መቀመጫ ገና ዛሬ ያየው ይመስል አተኩሮ ተመለከተው። ምጥ የያዛት ሴት የምትቀመጥበት አልነበረም።

«እኔ… ቀድሜ ልሂድና በክላክስ መኪናውን ላስቁመው።»

«አስቁምልን እንግዲህ፣ ልጄ።»

ከተማው ሁሉ ወጥቶ አየው። ሰልባቲዮው ላይ በሆዱ ተኝቶ እንደ ነጎድጓድ አለፈ። እኛ ቃሬዛውን ይዘን ከመጨረሻው ቤት ቀጥሎ ያለው ኩርባ ጋ ስንደርስ፣ ሞተሯ ጭቃው ላይ በጎኗ ተጋድማለች፤ አጎቴ ከሥሯ እግሩን ይመዛል። ሞተሯ ጥፋት የለባትም። ለአስፋልት የተሠራችውን ለነሐሴ ጭቃ ያወጣት እሱ ነው።

ከፊት የተሸከመው ማሞ ሩጫውን ሳያቋርጥ «ጓድ፣ ቦታ አለን፤ እንጨምርህ?» አለው። ሰው ሳቀ። መሪጌታ አልሳቁም። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

አጎቴ ያችን በጋቢው የሚወለውላትን ሞተር ጭቃ ላይ ትቶ ተነሣ። ደርሶን የማሞን እንጨት ተቀበለና ትከሻው ላይ አደረገው። ተራ ሲደርስ «አምጣ እንቀይርህ» አሉት። «ተዉኝ» አለ። ዳገቱንም ቁልቁለቱንም በዚያው ትከሻ ወጣና ወረደ፤ ጎርፉንም ደረቱ ድረስ ገብቶ ተሻገረ። መኪናው ተነሥቶ ሊዞር ሲል ደረስንበት።

አይናለም ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሁሉም ሊያያት ገባ። አጎቴ ብቻ በሩ አጠገብ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ። መሪጌታ ተመልሰው ወጡ።

«ና፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ በላት።»

«በየትኛው ፊቴ፣ መሪጌታ?»

«ሌላ ፊት አለህ እንዴ? በዚሁ ግባ።»

ተነሥቶ ገባ። የደረቀ ጭቃ ከቅንድቡ ይረግፋል፤ የሸሚዙ ትከሻ በደም ርሷል። አንዲት ነርስ መተላለፊያው ላይ አስቆመችውና ወደ እኛ ዞረች።

«ይሄ ሰውዬ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አልኳት፣ ማንም ሳይቀድመኝ። «አጎቴ ነው።»