ጨለማ ክፍሉን የከፈተች አንዲት ጥያቄ

"አንድ ጥያቄ ብቻ" ባይ ገጥሟችሁ ያውቃል? እስራኤል አገር፣ ቤር ሼቫ ከተማ ከኖራችሁማ ሳይገጥማችሁ አይውልም። ክሊኒክ ውስጥ እናቴ ከጠዋት ጀምራ ተራዋን ስትጠብቅ፣ እሱ "ራክ ሽኤላ! አንድ ጥያቄ ብቻ!" እያለ ሐኪሙ ዘንድ ዘው ይላል። ሲወጣ ደም ግፊቱን ተለክቶ፣ መድኃኒት ታዝዞለት፣ የልጁን ሠርግ አውርቶ ነው። እሺ፣ ይህንንስ ቻልነው።

እኔ ግን የምሠራው ላብራቶሪ ነው። ለቲማቲም ቅጠል ጨረር የሚያመነጭ ድኝ አጠጥተን፣ ፕሮቲኖቹን ጄል በሚባል ዝልግልግ ነገር ላይ እንለያያለን። ከዚያ ጄሉ ላይ የራጅ ፊልም አስተኝተን ማቀዝቀዣ ውስጥ እናቆየዋለን፤ ጨረሩ ፊልሙን እያጠቆረ ፕሮቲኑ የት እንዳለ ያሳየናል። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ሚስቱ ምጥ የያዛት ባል እንኳ እንደኔ አይንቆራጠጥም!

ፊልሙ ሳይታጠብ ብርሃን ካየ አለቀለት። ስለዚህ ጨለማ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መቀርቀሪያው ከተሰበረ ቆይቷል፤ ማን ይጠግነው? ግን ውጭ ቀዩን መብራት አብርቻለሁ፤ "አትክፈቱ" የሚል ወረቀትም በሩ ላይ ተለጥፏል። ታዲያ ማን ይከፍታል ትላላችሁ?

ፊልሙን ገና ሳወጣ በሩ ብርግድ አለ፤ የኮሪደሩ ብርሃን እንደ ጎርፍ ገባ። የጎረቤት ላብራቶሪው ዶክተር ዮሲ ነው።

"ራክ ሽኤላ" አለኝ።

ደሜ ፈላ። "ጠይቅ!" አልኩት።

"እዚህ ውስጥ ሰው አለ?"

ፊልሙን ለማንኛውም አጠብኩት። ከዳር እስከ ዳር ከሰል መስሏል። በሩ ላይ ሰቀልኩትና ከሥሩ በትልቁ "ሰው አለ" ብዬ ጻፍኩ።